ናኦሚ ወደ ቀኝ

በዚያ ዓመት የሃርገት ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ነሐሴ ላይ ሙቀቱ የሜዳውን ሣር አቃጠለው። መስከረም ላይ ዝናብ መጣና የቀረውን ጭቃ አደረገው። አላባማ ሄደው ተሸነፉ፤ ቴነሲ ሄደው ተሸነፉ፤ በገዛ ሜዳቸው፣ በእናቶቻቸው ፊት ተሸነፉ። የአንዱ ትከሻ ወለቀ፣ የሌላው ጉልበት ተበጠሰ። አውቶቡሳቸው የጥጥ እርሻ መሃል ቆሞ እየገፉ አስነሡት። የኮሌጁ ባንድ እንኳ፣ በዚያ የወንዝ ዴልታ አገር ሁሉ የሚፈራው ባንድ፣ ከእረፍት በኋላ ከበሮውን ለስለስ አድርጎ መምታት ጀመረ፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።

የከፋው ግን ሽንፈቱ አልነበረም። በመስከረም መጨረሻ ከእነሱ ጋር በአንድ ምድብ የሚጫወት የሌላ ኮሌጅ ልጅ ሜዳ ላይ ሞተ። ጃቫሪስ ይባላል። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ራሱን ተመትቶ ነበር፤ ደህና ነኝ አለ። በሚቀጥለው ደግሞ ተመታ፤ ምት የሚባል ምት አልነበረም። ተነሣ፤ በራሱ እግር ሄዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ውኃ ጠየቀ። ውኃው ሲመጣ የሚቀበል እጅ አልነበረም።

የሃርገቱ አሰልጣኝ ቢካም ልጆቹን ሰብስቦ አጸለየ። አሜን ካሉ በኋላ ፊሽካውን ነፋ።

ኦዜል ፕሩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ገባው። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ አንገቱና ትከሻው አንድ የሆነ፣ ንግግሩ ቁጥብ። በቡድኑ ውስጥ አቀባይ ነው። ጎንበስ ይልና ኳሷን በሁለት እግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያቀብላል፤ ወርዋሪው ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይላተማል። አቀባዩ ኳሷን ካልሰጠ ማንም አይንቀሳቀስም። ኦዜል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጫወት ይህን ነገር አስቦት አያውቅም።

ወርዋሪው ላቬል ግሪምዝ ነው። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ክንደ ረጅም። ሁለቱ ኮሌጅ የገቡት በአንድ ነሐሴ ነው። ያኔ አሰልጣኛቸው ፓስተር ቶሊቨር ነበር፤ እሑድ የሚሰብክ፣ በሌላው ቀን ልጅ የሚያስሮጥ ሰው። በዚያ ነሐሴ አንድ ቀን አንዱ ዘግይቶ መጣ ብሎ ሁሉንም በቀትር አስሮጣቸው። ኦዜል ላቡ ደረቀ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለውና ወደቀ።

«ተነሣ! ትወናህን ለቲያትር ቤት አቆየው!» አለ ፓስተሩ።

ማንም አልደፈረም። ላቬል ብቻ ከሰልፉ ወጣ። ያን ጊዜ ገና ጀማሪ ሆኖ ሳለ የቡድኑ ወርዋሪ እንዲሆን ተመርጦ ነበር። የኦዜልን እግር ይዞ በሣሩ ላይ ጎተተው፤ በረዶ የሞላበት ገንዳ ውስጥ ከተተው፤ አሰልጣኙ ከኋላው ሆኖ እየጮኸበት የኦዜልን አንገት ከውኃው በላይ ይዞ ቆየ። የሐኪም ቤቱ ሰዎች ሙቀት መትቶታል፤ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ሬሳ ነበር የምትቀበሉት አሉ። ፓስተሩ ላቬልን ስለ አለመታዘዙ ያን ዓመት በሙሉ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ላቬል ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አፉን ከፍቶ አያውቅም። ኦዜልም አያነሣውም። እንዲህ ያለ ውለታ በምን ይመለሳል? ብድር በምድር ይላል የእኛ ሰው። ኦዜል ግን ምድሩ ላይ መመለሻውን አላገኘውም ነበር።

ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት በነበረው ቅዳሜ ላቬል ወደቀ። አንድ ግዙፍ ልጅ ከጎኑ መጥቶ አነሣውና ጣለው፤ ራሱ ከኋላ መሬቱን መታ። ተነሣ። አቧራውን አራገፈ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ተጋጣሚዎቹ ሄዶ በመካከላቸው ቆመ።

ኦዜል ሮጦ ቀበቶውን ያዘው።

«የእኛ ሰዎች በዚህ በኩል ናቸው።»

«አውቃለሁ፤ ሰላም ልበላቸው ብዬ ነው» አለ ላቬል፤ ሁሉም ሳቁ። ኦዜል ዓይኑን አየው። ዓይኑ አብሮ አልሳቀም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ፈተና አለ። ልጆቹ በየነሐሴው ገና ሳይጫወቱ በኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ፤ ቃላት ያሳያቸዋል፣ መልሰው እንዲሉ ይጠይቃቸዋል፤ ቅርጽ ያሳያቸዋል፣ የቱን እንዳዩ ይጠይቃቸዋል። ውጤቱ ይቀመጣል። ልጁ በኋላ ራሱን ከተመታ ያንኑ ፈተና ይደግማል፤ ከነሐሴው ካነሰ አይጫወትም።

ልጆቹ ደግሞ መላ አበጅተውለት ነበር። መላው ከአንጋፋ ወደ ጀማሪ ይተላለፋል። በዚያ ዓመት የሚያስተምረው ብስኩት ነው። ብስኩት በኦዜል ቀኝ የሚቆም ግንብ የሚያህል ልጅ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣችለት አያቱ ናት።

«ስሙኝ እናንተ ሕፃናት» ይላቸዋል። «በነሐሴ አውቃችሁ ተሳሳቱ። ፖም ሲላችሁ ፈረስ በሉት። ደደብ ሆናችሁ ከገባችሁ፣ ስትመቱም ደደብ ሆናችሁ ትወጣላችሁ። ማን ይለየዋል?»

ኦዜልና ላቬል በነሐሴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር የተፈተኑት። ማን የበለጠ ይደድባል ብለው ተወራርደው፣ ሳቃቸውን በእጃቸው አፍነው።

ሐሙስ ዕለት ላቬል ከሚስ ሬኒታ ክፍል ወጣ። ሚስ ሬኒታ የልጆቹን ጉዳት የምትከታተል ሴት ናት፤ ሁሉም ያከብራታል።

«አለፍኩ» አለ ላቬል።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለ ብስኩት። «በነሐሴ በነበርክበት ድድብና ላይ ጸንተህ ተገኝተሃል!»

ልብስ መቀየሪያው ቤት በሳቅ ተናወጠ። ኦዜል የጫማውን ማሰሪያ ያስር ነበር። አስሮ ፈታው። እንደገና አሰረው።

ዓርብ የተጠበሰ አምባዛ ቀን ነው። ላቬል ሳህኑን ይዞ በመመገቢያው አዳራሽ መሃል ቆመ። ለአራት ዓመት የተቀመጠበትን ጠረጴዛ በዓይኑ ፈለገው፤ አጣው። ኦዜል እጁን አውጥቶ ጠራው። መጥቶ ተቀመጠና ከመስኮቱ ብርሃን ፊቱን አዞረ።

«ሬይ፣ ያን ሚጥሚጣ መረቅ አቀብለኝ።»

ሬይ የላቬል ታላቅ ወንድም ነው፤ ቺካጎ ይኖራል። ኦዜል ጠርሙሱን አልነካም።

«ማን አልከኝ?»

«ምን አልኩህ?»

«ሬይ አልከኝ።»

«ታዲያ ወንድሜን ስላስታወስከኝ ስድብ ነው? ኦዜል ነህ። የፕሩት ልጅ። ራስህ ሐብሐብ የሚያህል።» ሳቀ። ኦዜል አለመሳቁን ሲያይ ሳቁን ተወና ወደ እሱ ተጠጋ። «ስማ። ነገ ከካናዳ ተጫዋች ሊመለምል የሚመጣ ሰው አለ። እኔን ሊያይ ነው የሚመጣው። እዚያ እየተከፈላቸው ይጫወታሉ። ከዚህ ሌላ ማንም እኔን ለማየት መንገድ አይወጣም፤ ታውቃለህ።»

«ጃቫሪስን አስበው።»

«እኔ ጃቫሪስ አይደለሁም።»

«እሱም ጃቫሪስ መሆኑን አላወቀም ነበር።»

ላቬል ሹካውን አስቀመጠ። እጁ ተንቀጠቀጠና ጠረጴዛው ሥር ደበቀው።

«አንዲት ከሰዓት በኋላ ነው የምለምንህ። ከተናገርክ ደግሞ የምታጠፋው እኔን ብቻ አይደለም። ብስኩትም አለ፤ ሌሎቹም። ሁላችንም ያን ፈተና አበላሽተናል። አንተስ? ምን ልትላቸው ነው?»

ኦዜል ከምሳ በኋላ ወደ ሚስ ሬኒታ ሄደ። የአንዱን ልጅ ቁርጭምጭሚት በነጭ ፕላስተር ትጠቀልል ነበር። ልጁ እስኪወጣ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው? ግድግዳዬን ልትገፋው ነው እንዴ? ግባ።»

«ስለ ላቬል ነው፣ ሚስ ሬኒታ። ልክ አይመስለኝም።»

መቀሷን አስቀመጠች። «ምን አየህ?»

ኦዜል ብስኩትን አሰበ፤ ሌሎቹን ልጆች አሰበ፤ ላቬል ጠረጴዛ ሥር የደበቀውን እጅ አሰበ።

«ደክሞታል» አለ።

«እኔም ዓይኑን አልወደድኩትም» አለች። «ግን ከነሐሴው ጋር አስተያየሁት፤ እኩል ነው። ሐኪሙም ይጫወት ብሏል። በመውደድና ባለመውደድ ልጅ አላስቀምጥም። ሌላ የምትነግረኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

ጠበቀችው። እሱ መሬት መሬት አየ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ፈሪ ይተርፋላታልና። የኦዜል ፍርሃት ግን በዚያ ቀን ለማንም እናት የሚበጅ አልነበረም።

ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ያለው ኮሌጅ መጣ። ከእነዚህ የቆዩ ባላንጣዎች ጋር ሲሆን ያላሸነፈ ቡድን እንኳ ተመልካች አያጣም። ሜዳው ሞላ። የተጠበሰ ዶሮ ሽታና የባንዱ ጥሩምባ አየሩን ያዘው። አያቶች የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን አድርገው መጡ። የላቬል እናት ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

ላቬል ደህና ተጫወተ፤ ኦዜልን ይበልጥ ያስፈራው ይኸው ነው። ክንዱ ሥራውን ያውቃል። እግሩም ያውቃል። ኳሷ በሌለችበት ሰዓት ግን ላቬል እንደ ጠፋ በግ ይቆማል፤ አንድ ሰው ትከሻውን ይዞ ቦታው ላይ እስኪያደርሰው።

ከኦዜል ፊት ለፊት የሚገጥመው የማዶው ልጅ አፉ አያርፍም።

«ሄይ፣ አቀባይ! ያ ቀጭን ወርዋሪያችሁን ዛሬ ለእናቱ በካርቶን ነው የምልክላት! ቁራሽ በቁራሽ!»

በሌላ ጊዜ ኦዜል መልስ አያጣም። በዚያ ቀን ግን ወደ ኋላ ዞሮ ላቬልን አየ። ኳሷን በሰጠ ቁጥር ፊት ለፊቱ ያለውን እየገፋ ጆሮው ወደ ኋላ ነበር፤ የመውደቅ ድምፅ ይጠብቃል። አንዴ የልጁን ማልያ በሕገ ወጥ መንገድ ጨብጦ አስቀረው፤ ዳኛው ቀጣው። አሰልጣኝ ቢካም ከመስመሩ ሆኖ ሰደበው። ኦዜል አልሰማውም። ላቬል ቆሞ ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለገም።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሃርገት በአራት ነጥብ ተበልጦ ሳለ ኳሷ ከመጨረሻው መስመር ስምንት ያርድ ላይ ደረሰች። መስመሩን ካለፉ ያሸንፋሉ። ዓመቱን ሙሉ ያልተጮኸ ጩኸት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጮኸ። ቢካም ጨዋታ የማስቆም ዕድሎቹን ቀደም ብሎ ጨርሷል። ልጆቹ በክብ ተሰበሰቡ፤ ላቬል መሃላቸው ተንበረከከ።

«ናኦሚ ወደ ቀኝ» አለ። «በሁለት።» ሁለት ሲል ኳሷ ትሰጣለች ማለት ነው።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ናኦሚ ማናት?» አለ ብስኩት። «ሰውዬ፣ ቀጠሮህን ከጨዋታው በኋላ አድርገው! የአሰላለፉን ቁጥር ንገረን!»

አንዱ ሳቀ። ኦዜል ግን ጀርባው ላይ ውኃ የፈሰሰበት ያህል ቀዘቀዘ። በዚያ ክብ ውስጥ ያን ስም የሚያውቅ እሱና ላቬል ብቻ ናቸው። ፓስተር ቶሊቨር አሰላለፎቹን የሚጠራው በመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች ስም ነበር፦ ሩት ወደ ግራ፣ ናኦሚ ወደ ቀኝ። ቢካም ሲመጣ ሁሉን በቁጥር ለወጠው። ሌሎቹ ልጆች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

«ናኦሚ አልኩ እኮ!» አለ ላቬል ተቆጥቶ። «ፓስተሩ ያለውን አልሰማችሁም?» ቀና ብሎ አሰልጣኝ ወደሚቆምበት ጠርዝ አየ፤ ፈለገው። ፓስተር ቶሊቨር ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ከዚያ ራሱን ነቅነቅ አደረገ፤ እንደ ነቃ ሰው። እጁ ላይ የታሰረውን ቁጥር አነበበ። «አርባ አራት ወደ ግራ። በሁለት። ሂዱ።»

ሄዱ። ኦዜል ጎንበስ ብሎ ኳሷን ያዘ። ፊት ለፊቱ ያለው ልጅ ጥርሱን እያፋጨ በሁለት እግሩ ይቆፍራል፤ ከጎኑም ሌሎች ሁለት። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያያሉ፤ ከኦዜል ጀርባ።

«አንድ!» አለ ላቬል። «ሁለት!»

የሃርገት ልጆች ተወረወሩ። ኳሷ አልተነሣችም።

የጥፋት ምልክት የሆነው ቢጫ ጨርቅ በአየር ላይ በረረ። ዳኛው አምስት ያርድ ወደ ኋላ መለሳቸው።

«ኦዜል!» አለ ብስኩት። «ተኝተሃል? በሁለት ነው የተባለው!»

እንደገና ተሰለፉ። ላቬል ቆጠረ። ጮኸ። «ስጠኝ! ኦዜል፣ ኳሷን ስጠኝ!» ኦዜል በጉልበቱ ተንበረከከ። ኳሷን ከሆዱ ሥር ሳባትና በላይዋ ተኛባት።

ሌላ ጨርቅ ወደቀ። የማዶዎቹ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እናቱ! ነይ፣ ልጅሽ እንቁላል ታቅፏል!» የራሱ ሰዎች ከሰገነቱ ይጮኹበት ጀመር። አሰልጣኝ ቢካም ባርኔጣውን ጥሎ ሮጦ ገባ።

«ምን ሆነሃል አንተ? አብደሃል? ልቀቃት!»

«አልሰጠውም፣ ኮች።»

«ኳሷ የአባትህ ናት?»

«ላቬል የት እንዳለ አያውቅም። ያስወጡት።»

«ፈተናውን አልፏል! ውጣ! ሌላ አቀባይ ነው የማስገባው!»

ሌላው አቀባይ የራስ መከላከያ ሄልሜቱን እያሰረ መጣ። ኦዜል ያኔ ገባው፤ ኳሷን ለዘላለም ታቅፎ አይኖርም። ከእሷ ሌላ የያዘው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዓርብ ሚስ ሬኒታ ፊት የዋጠው ቃል ነው። ፍርሃቱ አልለቀቀውም። እየፈራ ቀና አለና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«ሚስ ሬኒታ! የነሐሴው ፈተና ውሸት ነው! አውቀን ነው የተሳሳትነው! እኔም ላቬልም!»

ሚስ ሬኒታ ከወንበሩ ተነሣች። ዳኛውን አልጠየቀችም፤ አሰልጣኙንም አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ ላቬል ሄደች። ሄልሜቱን በሁለት እጇ ቀስ ብላ አወለቀችለት፤ ፊቱን ወደ ራሷ አዞረች።

«ልጄ፣ አሰልጣኝህ ማን ይባላል?»

ላቬል ጨዋ ልጅ ነው። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ፓስተር ቶሊቨር፣ እመቤቴ።»

ቢካም ከፊቱ ቆሞ ነበር። ፊሽካው ከአፉ ወደቀ፤ ክሩ ላይ ተንጠለጠለ። ብስኩት እጁን በአፉ ላይ ጫነ። የማዶው ለፍላፊ ልጅ እንኳ ዝም አለ።

ሚስ ሬኒታ የላቬልን ክንድ ይዛ ወሰደችው። መስመሩ ጋ ሲደርስ ዞረና በጣቱ ኦዜልን አመለከተው። ማን እንደሆነ በዚያች ሰዓት አውቆታል። «ኳሷን ስጠኝ ብዬህ ነበር!» አለው። «አጠፋኸኝ!»

ተተኪው ወርዋሪ ወረወረ፤ የማዶዎቹ ልጅ ቀለባት። ዓመቱ በዚያ አለቀ። ኦዜል ሲወጣ አንድ ሽማግሌ በአጥሩ ላይ ተደግፎ «ፈሪ!» አለው። ኦዜል አልተከራከረውም።

ልብስ መቀየሪያው ቤት ውስጥ ማንም አላናገረው። ሰኞ ሁሉም እንደ አዲስ እንደሚፈተኑ ተነግሯቸዋል። በመጨረሻ ብስኩት መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ አግዳሚው ጮኸ።

«እንግዲህ ያለ ማጭበርበርም ደደብ መሆኔ ሰኞ ይታወቃል» አለ። ደግሞ ጨመረ፦ «ፓስተር ቶሊቨር ሲል ሰማሁት። በጆሮዬ ሰማሁት፣ ኦዜል።» ከዚያም ከአጠገቡ አልተነሣም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ኦዜል ላቬል የተኛበት ሐኪም ቤት ሄደ። በኮሪደሩ ላይ ቆመ። ለመግባት ፈራ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁለት ዓይነት ሰው አንዱ ነው የሚጠብቀው፦ የማያውቀው ወይም የሚጠላው። የላቬል እናት ወጥታ አየችው። ዓይኗ አብጧል።

«ደም ፈስሶ ነበር፤ ውስጥ ውስጡን» አለች። «ጥቂት ነው፤ ቆሟል። አንድ ጊዜ ቢደገም ኖሮ...» አልጨረሰችውም። የኦዜልን ትልቅ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ክፍሉ ሳበችው፤ እሷ ውጭ ቀረች።

መጋረጃው ተዘግቷል። ላቬል ጋደም ብሏል። ኦዜል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። 

«የካናዳው ሰውዬ ሄደ አሉ» አለ ላቬል።

«ሄደ።»

«አስቆጥር ነበር እኮ።»

«ታስቆጥር ነበር።»

«ሐኪሙ ከእንግዲህ ሄልሜት አታደርግም ብሎኛል።»

ኦዜል ራሱን ነቀነቀ።  ይህንንም አብሮ የወሰደበት እሱ ነው።

ላቬል ዓይኑን ጨፈነ። ለኦዜል የተኛ መሰለው። ቆይቶ ግን የቀኝ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበና ክንዱን ወደ ኦዜል ዘረጋ። ከክርኑ በታች ትንንሽ ጠባሳዎች ነበሩ፤ ግማሽ ክብ ሠርተው የተሰለፉ።

«ይህን አይተኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ጥርስህ ነው። የበረዶው ገንዳ ውስጥ ይዤህ ነክሰኸኝ ነበር። ልውጣ ብለህ። ልትገድለኝ ነው እያልክ ትጮህ ነበር።»

ኦዜል ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ብርዱን ብቻ ነው።

«ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ? ነከስከኝ ብዬ ልክሰስህ?» ላቬል እጅጌውን መለሰ። «ትናንት ጥርሴ ቢደርስብህ እኔም እነክስህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ።»

«ተናደድ።»

ላቬል እጁን ከአንሶላው አወጣ። ኦዜል ያዘው። እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር።

«ተካክለናል እንግዲህ» አለ ላቬል።

«ተካክለናል» አለ ኦዜል።